ልጄን ኮክሌር ኢምፕላንት ላስገጥማት ወይስ ይቅር? ጎንደር ያላችሁ እስቲ ምከሩኝ

እናት_ከማራኪ
ኅዳር 8፣ 2018 | ማታ 3፡40

ሰላም ናችሁ? ልጅ ካስተኛሁ በኋላ ነው የምጽፈው፣ ከተንዛዛ ይቅርታ። ሴት ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሯ ነው። ግንቦት ላይ ማጅራት ገትር ይዟት 12 ቀን ሆስፒታል ተኛች። ተረፈችልኝ፣ ተመስገን። ከዚያ በፊት አፏን ፈትታ ነበር። «እማ»፣ «ቡቡ»፣ «አባ ና» ትላለች፣ የጎረቤት ውሻ ትቆጣለች። ከሆስፒታል ከወጣን በኋላ ዝም አለች። ደክሟት ነው አልን። ስንጠራት አትዞርም፣ አኩርፋ ነው አልን። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በረዶ ጣለ። ቤታችን ቆርቆሮ ነው፣ እኔና አባቷ ተጠጋግተን ተቀምጠን መደማመጥ አቅቶናል። እሷ ምንጣፉ ላይ ተኝታ ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም። ያኔ ነው የገባኝ።

መስከረም ላይ አዲስ አበባ ወስደን ኤቢአር የሚሉትን ምርመራ አሠራንላት። አስተኝተው ጭንቅላቷ ላይ ሽቦ ይለጥፉና ድምፅ እየለቀቁ አንጎሏ መመለስ አለመመለሱን ያያሉ። ሁለቱም ጆሮ ምንም። ተራው የመስሚያ መርጃ አይጠቅማትም፣ ኮክሌር ኢምፕላንት፣ ማለት በቀዶ ሕክምና ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የሚገጠም መስሚያ ነው የሚያስፈልጋት ተባልን። ወንድሜ ውጭ ነው፣ «ገንዘቡን እኔ አሰባስባለሁ፣ ህንድ ትሄዳላችሁ» ይላል። ሁሉንም ጨምሮ ወደ 20 ሺህ ዶላር ነግረውናል። ባለቤቴ «ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?» ይላል። አማቴ ደግሞ «የልጄን ልጅ ጭንቅላት አታስከፍቱ» ብለው ከኔ ጋር መነጋገር አቁመዋል። እኔ መሀል ነኝ። ያስገጠማችሁም ያላስገጠማችሁም የደረሰባችሁን ንገሩኝ። ምክር ሳይሆን የሆነውን።

ጎንደሬው_በስደት
ኅዳር 8 | ማታ 4፡15

እህቴ ይሄ ምን ያወዛግባል? አስገጥሚያት። እዚህ አሜሪካ ሕፃን ሲወለድ ከሆስፒታል ሳይወጣ ጆሮው ይመረመራል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የ9 ወር ልጅ ላይ እንዲገጠም ተፈቅዷል። የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ሁለቱም ጆሮዋ ላይ አላት፣ አፏ አያርፍም። ወንድምሽ ካገዘሽ አንድ ቀን አትጠብቂ። አማትሽ ይቆጣሉ፣ ከዚያ ይረሱታል።

አያ_ደንቢያ
ኅዳር 9 | ጠዋት 1፡05

እናንተ ልጆች ሁሉን በማሽን ትላላችሁ። እኛ አገር ዱዳ ሆኖ ጸበል ገብቶ የተናገረ አውቃለሁ። መጀመሪያ ሱባዔ ያዢ። ያልተጠየቀ ቢላዋ ምን ያደርጋል?

አባ_ባጃጅ
ኅዳር 9 | ጠዋት 2፡30

እኔ ያስገጠምኩ ነኝ። የሆነውን ልንገርሽ።

ልጄ ሲወለድ ጀምሮ አይሰማም። ጥቅምት 2012 ላይ፣ በ3 ዓመቱ፣ ህንድ ሄደን ቀኝ ጆሮው ላይ ተሠራለት። አንድ ባጃጅ ሸጥኩ፣ ዕቁብ አስቀድሜ ወሰድኩ፣ የሚስቴ ወርቅ ሄደ። ቀዶ ሕክምናው ራሱ የፈራሁትን ያህል አልነበረም። ጠዋት ገባ፣ ከሰዓት ወጣ፣ በማግስቱ ኮሪደር ላይ ይሮጣል። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፣ እሱን ማንም አልነገረኝም።

ሲሠሩለት ወዲያው አይሰማም። ቁስሉ እስኪድን ሳምንታት ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ከውጪ ጭንቅላቱ ላይ በማግኔት የሚጣበቀውን ማሽን ያስሩለትና ይከፍቱታል። እኔ ስልኬን ደግኜ ቪዲዮ ላነሳ ተዘጋጅቻለሁ፣ ኢንተርኔት ላይ እንደምናየው ይስቃል ብዬ። ልጁ ጮኾ አለቀሰ፣ ማግኔቱን ነቅሎ ወረወረው፣ ከጠረጴዛ ስር ገባ። ቪዲዮው አለኝ፣ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ወራት ምንም። እናቱ በየቀኑ እያስቀመጠች «ይሄ በር ነው፣ ኳኳኳ»፣ «ይሄ ውሃ ነው»። ስድስተኛው ወር ላይ እናቱ ጓዳ ሆና ቡና ስትወቅጥ፣ ሳሎን ከኔ ጋር ሲጫወት የነበረው ልጅ ተነሥቶ ሄደና ሙቀጫውን ይነካው ጀመር። ሙቀጫ! እኔ ሰው ጠርቶት እንዲዞር ነበር የምጠብቀው።

አሁን 9 ዓመቱ ነው፣ ይናገራል። «ሰ» እና «ሸ» ይምታታበታል፣ እኛ እንሰማዋለን፣ እንግዳ ሰው ደግሞ ሁለቴ ይጠይቀዋል። ክፍሉ ውስጥ 60 ልጅ አለ፣ ሁሉም ሲጮህ እሱ ምንም አይለይም። ከትምህርት ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ማሽኑን አውልቆ ቴሌቪዥኑ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ጭንቅላቴን ደከመኝ ይላል። ሲያወልቀው ደግሞ ያው አይሰማም። ይሄን ሰው አይረዳም። ማሽኑ ጆሮ አላዳነም፣ ሲደረግ ይሠራል፣ ሲወልቅ የለም።

ደግሜ ልወስን ብባል? አስገጥመው ነበር። ግን ሌላ ነገር ጨምሬ ነው። እሱን በኋላ እጽፈዋለሁ፣ ደንበኛ እየጠራኝ ነው።

ጃንተከል_ጥላ
ኅዳር 9 | ቀን 7፡20

ጽሑፌ ከተሰባበረ ታገሱኝ። ለኔ አማርኛ ሁለተኛ ነው፣ የመጀመሪያ ቋንቋዬ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው።

አያ ደንቢያ፣ በአክብሮት፣ «ዱዳ» አይባልም። መስማት የተሳነው ይባላል። ይሄ ቃል ሰፈር ውስጥ እንደ ድንጋይ ሲወረወርብኝ ነው ያደግሁት፣ ስላልሰማሁት አልቀረልኝም፣ ከንፈር አያለሁ።

በ4 ዓመቴ ኩፍኝ ይዞኝ ነው መስማት ያቆምኩት። 9 ዓመት እስኪሆነኝ ምልክት ቋንቋ የሚባል እንዳለ አላውቅም ነበር። አምስት ዓመት! ወላጆቼ ይወዱኛል፣ ግን ለኔ ሊነግሩኝ የሚችሉት «ብላ»፣ «ና»፣ «ተኛ» ብቻ ነበር። አያቴ ሲሞቱ የት እንደሄዱ የነገረኝ የለም። ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ እኔ ምን አጥፍቼ ነው ብዬ አልጋ ስር ተደበቅሁ።

ይሄን የምጽፈው ኢምፕላንቱን ለመቃወም አይደለም። ድሮ እቃወም ነበር፣ አሁንም የሚቃወሙ ጓደኞች አሉኝ። የአሜሪካ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1991 ሕፃናት ላይ መግጠምን ተቃውሞ ነበር፣ በ2000 አቋሙን አለዘበ። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሐኪም ይጠየቃል፣ ወንድም ይጠየቃል፣ አማት ይጠየቃሉ። ሳይሰማ አድጎ ሥራ ይዞ፣ አግብቶ፣ ወልዶ የሚኖር ሰው ጎንደር ውስጥ ሞልቶ እሱን የሚጠይቅ የለም። እኔ አስተማሪ ነኝ። ልጅሽ ባይገጠምላት መጨረሻዋ ጨለማ አይደለም።

ጎንደሬው_በስደት
ኅዳር 9 | ማታ 2፡50

ወንድሜ ክብር ይገባሃል፣ ግን ይሄ ስሜት ነው። ምልክት ቋንቋ ከስንት ሰው ጋር ያግባባታል? ታክሲ ላይ? ባንክ? ክሊኒክ? ቴክኖሎጂ እያለ ለምን ትቸገር?

ጃንተከል_ጥላ
ኅዳር 9 | ማታ 3፡02

ታክሲ ላይ ስልኬ ላይ ጽፌ አሳያለሁ። አንተ ታክሲ ላይ ስትወጣ ከሁሉም ጋር ታወራለህ?

የ18_ነርስ
ኅዳር 9 | ማታ 4፡30

ሁላችሁም ቆዩማ። ከክርክሩ በፊት አንድ ነገር አለ። እናት ከማራኪ፣ ማጅራት ገትር ነው ያልሽው፣ አይደል? ግንቦት ላይ? ስድስት ወር ሆኖታል ማለት ነው። ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ የውስጥ ጆሮዋን አንስተውላታል? ኤቢአሩን ሳይሆን ፎቶውን ነው የምልሽ።

እናት_ከማራኪ
ኅዳር 10 | ጠዋት 12፡40

አላነሡም። ገንዘቡ ሲገኝ እዚያው ህንድ ይታያል ነው ያሉን። እኛም ለፋሲካ አካባቢ እናስብ ነበር። ለምን ነው የጠየቅሽኝ? ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

የ18_ነርስ
ኅዳር 10 | ጠዋት 2፡10

አይዞሽ፣ ላስደነግጥሽ ፈልጌ አይደለም። ግን ይሄን አለመናገር ኃጢአት ነው። እኔ የአንገት በላይ ክፍል ነው የምሠራው፣ ሐኪም አይደለሁም፣ የምልሽን ይዘሽ ለሐኪም አቅርቢ።

ውስጠኛው ጆሮ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ክፍል አለ፣ ኮክሌያ የሚሉት እሱን ነው። ኢምፕላንቱ ቀጭን ሽቦ እዚያ ውስጥ ገብቶ የመስሚያ ነርቩን በኤሌክትሪክ የሚነካ ነው። ከማጅራት ገትር በኋላ አንዳንድ ልጆች ላይ ያ ክፍት ቦታ በአጥንት ይሞላል። በሳምንታትም በወራትም ሊጀምር ይችላል። ከሞላ ሽቦው አይገባም፣ ወይም ግማሹ ብቻ ይገባል። ስለዚህ ሲወለድ ጀምሮ የማይሰማ ልጅ እናትና አንቺ አንድ ዓይነት ጊዜ የላችሁም። አስቢበት፣ ተረጋጊ የሚሉሽ ሰዎች ደጎች ናቸው፣ ግን ያንቺ ጉዳይ ላይ ሰዓት እየቆጠረ ነው። አስገጥሚ እያልኩሽ አይደለም። ፎቶውን ግን በዚህ ሳምንት አስነሺ። ነርቩ መኖሩንም እዚያው ያዩታል፣ ነርቭ ከሌለ ማሽኑም ከንቱ ነው።

ለአማትሽ ደግሞ እንዲህ በያቸው። ጭንቅላት አይከፈትም። ከጆሮ ኋላ ያለው አጥንት ነው የሚሰረሰረው፣ አንጎል አይነካም። አደጋ የለውም አልልም። ማደንዘዣ አለ፣ ኢንፌክሽን አለ፣ የፊት ነርቭ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ይጠነቀቁለታል። ኢምፕላንት ያለው ልጅ በማጅራት ገትር የመያዝ ዕድሉ ከፍ ስለሚል የክትባት ካርዷን ፈልገሽ ያዢ፣ የኒሞኮካል ክትባቷ የተሟላ መሆን አለበት። ውስጥ ማግኔት ስለሚቀመጥም ወደፊት ኤምአርአይ ሲታዘዝላት ሁልጊዜ መናገር አለባችሁ።

ጸበሉን በተመለከተ ውሰዷት፣ ማን ከለከለ? ጆሮዋ ውስጥ ቅቤም ዘይትም ቅጠልም ብቻ እንዳታንጠባጥቡ። በየሳምንቱ ነው የምናጥበው።

አያ_ደንቢያ
ኅዳር 10 | ቀን 6፡00

ልጄ ነርሷ ደህና ተናግራለች። አስተማሪው ልጅም ይቅር በለኝ፣ በክፋት አልነበረም፣ ሲባል የሰማሁት ነው። ፎቶውን አስነሱ፣ ጸበሉም ይቀጥል።

መቅደላ_መንገድ
ኅዳር 10 | ማታ 1፡25

እኔ መጻፍ አልፈለግሁም ነበር። ሰው ሁሉ ያማረለትን ብቻ ስለሚያወራ ግን ልጻፍ።

ለወንድ ልጄ በ4 ዓመቱ አስገጠምን፣ ውጭ አገር። ጥሩ ጀምሮ ነበር። በስምንተኛው ወር ማግኔቱን ከማሽኑ የሚያገናኘው ገመድ ተቆረጠ። አንዲት ገመድ! የሸጡልን ሰዎች ስልክ አያነሱም፣ ሲያነሱም «ታዟል» ነው። ከአራት ወር በኋላ በሰው እጅ መጣ። በዚያ መሀል ልጁ ተመልሶ ዝም። ገመዱ መጥቶ ስናስርለት አልፈልግም አለ፣ ይነቅለዋል። ማስተካከያ ያስፈልገዋል ተባለ፣ ኮምፒውተር ላይ አድርገው የድምፁን ልክ የሚያወጡለት፣ ማፒንግ የሚሉት። ለዚያ አዲስ አበባ መመላለስ አለብን። መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ በመኪና የማይታሰብበት ጊዜ አለ፣ የአውሮፕላኑ ቲኬት ደግሞ የኔን ደመወዝ ይበልጣል። አንዴ ሄድን፣ ሁለተኛውን ቀረን።

«ምልክት ካስተማራችሁት መናገር ይሰንፋል» ስላሉን ምልክትም አላስተማርነውም። አሁን 7 ዓመቱ ነው። ማሽኑ ቁምሳጥን ውስጥ በሣጥኑ አለ። ልጄ አይናገርም፣ ምልክትም አያውቅም። ሲፈልግ እጄን ይዞ ይጎትተኛል። ያ ሁሉ ገንዘብ አይቆጨኝም። ሦስቱ ዓመት ነው የሚቆጨኝ።

ጎንደሬው_በስደት
ኅዳር 11 | ሌሊት 7፡15

መቅደላ፣ ሁለቴ አነበብኩት። እዚህ ገመድ ሲቆረጥ ይደወላል፣ በማግስቱ ፖስታ ቤት ነው። ያን ሳላስብ ነው የጻፍኩት። ገመዱ የየትኛው ሞዴል እንደሆነ በውስጥ መስመር ላኪልኝ።

የእናት ከማራኪ ወንድም ገንዘቡን ሲያሰባስብ ምን ምን ይጨምር? ቀዶ ሕክምናው ብቻ መስሎን ነው ሁላችንም የምንረዳው።

አባ_ባጃጅ
ኅዳር 11 | ጠዋት 3፡00

ይሄን ነው ከትናንት ወዲያ ያቋረጥኩት። ቀዶ ሕክምናው መግቢያ ነው በለው። ትርፍ ገመድ ሁለት፣ ትርፍ ማግኔት፣ ትርፍ ባትሪ። ማድረቂያ ሣጥን፣ ማሽኑ ላብና እርጥበት አይወድም፣ ክረምታችንን ታውቀዋለህ። ቢያንስ የሁለት ዓመት ማፒንግ መመላለሻ። የንግግር ሕክምና፣ ባለሙያ ካልተገኘ በቪዲዮ። ውጨኛው ማሽን ደግሞ ዕድሜ ልክ አይደለም፣ ያረጃል፣ ሞዴሉ ይቀየራል፣ ዕቃው ይጠፋል። ሁሉም በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር ከ100 አልፎ ሄደ፣ እኔ በብር ያስቀመጥኳት የባትሪ ገንዘብ ግማሽ ሆነች።

ጨምሬ ነው ያልኩት ነገር ደግሞ ምልክት ቋንቋ ነው። ባለፈው ዓመት ጥምቀት፣ ጥር 11፣ ፋሲል መዋኛ ሄድን። ጸበሉ ሲረጭ ማሽኑ እንዳይረጥብ እናቱ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ያን ግፊያ ታውቁታላችሁ። እጄን ለቀቀ። እጠራለሁ፣ አይሰማም። ሃያ ሜትር ርቀት ላይ ጀርባው ይታየኛል፣ ስሙን እየጮህኩ ነው፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ እሱ ብቻ አይዞርም። ከዚያ ሕዝቡ ዋጠው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ግንቡ ጥግ ሁለት መስማት የተሳናቸው ወጣቶች ጋር ቁጭ ብሎ አገኘሁት። አይሰማም ብለው ለይተውት በእጃቸው ያዋሩታል፣ አንድም አልገባውም፣ ግን አጠገባቸው ተረጋግቷል። ያን ቀን ነው የወሰንኩት። አሁን እሱም እኔም እንማራለን። ቤት ማሽኑን ሲያወልቅ በምልክት ነው የምናወራው። እሱ ከኔ ይፈጥናል፣ እኔ ጣቴ ወፍራም ነው።

እናት_ከማራኪ
ኅዳር 11 | ማታ 3፡15

ሁላችሁንም እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ለፎቶው ቀጠሮ ያዝን፣ ለኅዳር 17። መቅደላ፣ ልጅሽን ማየት እፈልጋለሁ፣ ካልከበደሽ።

ጃንተከል፣ አንድ ጥያቄ። ምልክት ካስተማርኳት ንግግር ትተዋለች የሚባለው እውነት ነው? ለኛም ብለውናል።

ጃንተከል_ጥላ
ኅዳር 11 | ማታ 3፡50

አይደለም። የልጅ አንጎል የሚጠብቀው ቋንቋ ነው፣ በጆሮም ይግባ በዓይን። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ምንም ካልገባለት ነው ችግሩ። አማርኛና አገውኛ እየሰማ የሚያድግ ልጅ አንዱን ለአንዱ አይተውም። ልጅሽ ቃል ጀምራ ነበር፣ «እማ» ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ያን አታስቀዝቅዢው። ብታስገጥሚም ገንዘቡ እስኪመጣ፣ ቁስሉ እስኪድን፣ ማሽኑ እስኪለመድ አንድ ዓመት ይሄዳል። ያን ዓመት በምን ታወሪያታለሽ?

ፊደላችን ራሱ በእጅ አለ። ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ደግሞ እጅን በማንቀሳቀስ ይለያል። ለሷ ገና ነው፣ አንቺ ግን ጀምሪ። ቅዳሜ ከሰዓት ከባለቤቴ ጋር እንመጣለን። እሷም አትሰማም። አማትሽ ቢኖሩ ደስ ይለናል።

መቅደላ_መንገድ
ኅዳር 11 | ማታ 4፡05

እኔም ልጄን ይዤ ልምጣ?

ጃንተከል_ጥላ
ኅዳር 11 | ማታ 4፡06

ነይ እንጂ።

እናት_ከማራኪ
ኅዳር 26 | ማታ 3፡30

የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፣ ይቅርታ ዘገየሁ። ውጤቱ መጣ። ቀኝ ጆሮዋ መሙላት ጀምሯል። ግራው ገና ክፍት ነው፣ ነርቩም በሁለቱም አለ። ሐኪሙ «ለፋሲካ አይባልም፣ በቶሎ» አለን። ስለዚህ ወስነናል፣ ጥር ሳይገባ እንሄዳለን። ወንድሜ ገመድና ባትሪውን ሁሉ ጨምሮ እያሰባሰበ ነው። ባለቤቴ አሁንም ልቡ አልሞላም። እውነቱን ለመናገር የኔም አልሞላም፣ ግን የሚዘጋ በር ፊት ቆሜ ማሰብ አልቻልኩም።

ቅዳሜዎቹ ቀጥለዋል። አማቴ መጀመሪያ ቀን ጓዳ ተቀምጠው ነበር። የጃንተከል ሚስት ገብታ ቡናውን ቆላችላቸው፣ በእጇ ስታዋራቸው ቆዩ፣ ምን እንደተባባሉ እስከዛሬ አልነገሩኝም። አሁን ከኔ ቀድመው ነው የሚለምዱት። ቀዶ ሕክምናውን ግን አልባረኩም፣ «ዝም እላለሁ» ነው ያሉት። ልጄ ስምንት ምልክት ታውቃለች። ከሁሉም የምትወደው «እምቢ» ነው። ለእንጀራ እምቢ፣ ለሻወር እምቢ፣ ለእንቅልፍ እምቢ። ስድስት ወር ሙሉ እምቢ ማለት ፈልጋ ነበር ማለት ነው።

አባ ባጃጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኛ ሰፈር መብራት ሁለት ቀን ይጠፋል። ባትሪውን እንዴት ነው የምትሞሉት?

አባ_ባጃጅ
ኅዳር 26 | ማታ 3፡55

የኛው ቻርጀር ዩኤስቢ ነው፣ በፓወር ባንክ ይሞላል። እኔ ባጃጇ ላይም እሰካዋለሁ። አንዳንዱ ሞዴል ደግሞ የሚጣል ባትሪ ይቀበላል፣ ስትገዙ እሱን የሚቀበለውን ጠይቁ። ማታ ማታ ማግኔቱን የምታስቀምጡበት አንድ ቋሚ ቦታ ይኑራችሁ። የኛን አንዴ ድመት ወስዳው ጣራ ላይ ነው ያገኘነው።